«12 ሰዓት» ያልኩት 9 ሰዓት ነበር

የምሠራው ለገሃር አካባቢ ባለ ትንሽ የጉዞ ወኪል ቢሮ ነው። በመስኮታችን የአንበሳው ሐውልት ይታያል። በፋሲካ ሰሞን ቤተሰቦችን ወደ ጅቡቲ እንልካለን። ብዙዎቹ ባሕር አይተው አያውቁም። በጀልባ ሙሻ ደሴት ደርሰው መመለስ ለነሱ ትልቅ ነገር ነው።

የሳምንቱን የባሕር ዳርቻ የአየር ትንበያ አንብቦ በአማርኛ አንድ ገጽ ማዘጋጀት የኔ ሥራ ነው። የዚያ ሳምንት ትንበያ የሚያስፈራ አልነበረም። ጥርት ያለ ሰማይ፣ ጠዋት ጠዋት የተረጋጋ ባሕር። ቅዳሜ ብቻ የምሥራቅ ነፋስ «ከ12 ዩቲሲ ጀምሮ» እስከ 20 ኖት ይጠነክራል ይላል። ኖቱን ተጠንቅቄ ቀየርኩት። አንድ ኖት በሰዓት 1.852 ኪሎ ሜትር ስለሆነ፣ በሰዓት 37 ኪሎ ሜትር ብዬ ጻፍኩ። ሰዓቱን ግን እንዳለ ገለበጥኩት፦ «ቅዳሜ ከ12 ሰዓት ጀምሮ ነፋስ ስላለ ከዚያ በፊት ተመለሱ።»

አማርኛ አንባቢ 12 ሰዓት ሲባል ፀሐይ ስትጠልቅ ነው የሚታየው። ዩቲሲ ደግሞ መርከበኞችና አብራሪዎች በመላው ዓለም የሚጋሩት ሰዓት ነው። ጅቡቲም አዲስ አበባም ከሱ 3 ሰዓት ይቀድማሉ። ስለዚህ 12 ዩቲሲ እዚህ በፈረንጅ አቆጣጠር 15 ሰዓት ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ደግሞ 6 ሲቀነስለት ከቀኑ 9 ሰዓት።

ቅዳሜ ከሰዓት ቢሮ ነበርኩ። ውጭ የበልግ ዝናብ እየዘነበ ነው። አስጎብኚያችን ደወለ፤ ድምፁ ይንቀጠቀጣል። ጀልባ ነጂው ገና በ8 ሰዓት «እንሂድ» ብሏቸው ነበር። ውሃው ላይ ብቅ ብቅ የሚለውን ነጭ አረፋ በእጁ አሳይቷቸዋል። አስጎብኚው ወረቀቴን አወጣና «የኛ 12 ሰዓት ነው የሚለው፤ ገና 4 ሰዓት አለን» አለው። ልጆቹ ከውሃው መውጣት አልፈለጉም። ሰውየው ዝም አለ። ሲነሱ 9 ተኩል ሆኗል።

እዚያ አካባቢ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ የሚበረታበት ምክንያት አለው። የብሱ ከባሕሩ ፈጥኖ ይሞቃል። የሞቀው አየር ሲነሳ ከባሕር የሚመጣው ቀዝቃዛ አየር ይተካዋል። ይህ ወቅቱ ራሱ ባመጣው የምሥራቅ ነፋስ ላይ ሲደረብ ትንሽ ጀልባ ይፈተናል። መመለሻው እጥፍ ጊዜ ወሰደባቸው። አንዲት ትልቅ እናት የልጅ ልጃቸውን በነጠላ ከወገባቸው ጋር አስረው «ማርያም፣ ማርያም» እያሉ ነው የደረሱት። ሁሉም በስብሰው፣ ግን በሰላም ገቡ። ተመስገን።

ከተመለሱ በኋላ እኚሁ እናት ቢሮ መጡ። ወረቀቱን ይዘውታል። የባሕሩ ጨው ስለደረቀበት እንደ ካርቶን ደርቋል። ቀለሙ ተሰራጭቷል፤ «12» ግን ቁልጭ ብሎ ይነበባል።

«አንተ ነህ የጻፍከው ልጄ?»

«አዎ እማማ፣ እኔ ነኝ። ጥፋቱ የኔ ነው። ይቅር ይበሉኝ።»

«እኔስ ዕድሜዬን ጠግቤያለሁ። ለልጁ ነው የፈራሁት።»

ከዚህ በላይ አልተናገሩም። የሚቆጡኝ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

አለቃችን ከዚያ ወዲህ ሁለተኛ ሰው ሳያየው ምንም ወረቀት እንዳይወጣ አደረገች። እኔም ለአዲስ ሠራተኞች አቋራጩን አሳያለሁ፦ ከዩቲሲው ላይ 3 ቀንስ። 6 ዩቲሲ ከጠዋቱ 3 ሰዓት፣ 9 ዩቲሲ ከቀኑ 6 ሰዓት ይሆናል። «ከጠዋቱ»፣ «ከቀኑ»፣ «ከምሽቱ» የሚለው ቃልም አይቀርም።

ዘንድሮ ወረቀቱን ከመጻፌ በፊት ለጀልባ ነጂው ደወልኩለት። አማርኛ ይችላል። ትንበያው ነፋሱ ከቀኑ 9 ሰዓት ጀምሮ ነው እንደሚል ነገርኩት።

«እኔ በ7 ተኩል ነው የምነሳው» አለኝ።

7 ሰዓት ተኩል ብዬ ጻፍኩ።