የመርማሪው ቀይ መኪና ዓባይ በረሃ ቢወርድ

የድሮ የመርማሪ ፊልም የሚናፍቅ ሰው ታሪኩን ረስቶታል። ገዳዩ ማን ነበር ብላችሁ ብትጠይቁት ይንተባተባል። መኪናዋን ጠይቁት እስቲ! ቀለሟን፣ ኩርባ ላይ የጎማዋን ጩኸት፣ ቆማ ስታጉረመርም ኮፈኗ እንዴት ይንቀጠቀጥ እንደነበር ሳይቀር ይተርክላችኋል። ደብረ ማርቆስ ወይም ፍኖተ ሰላም ቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ተጨናንቆ ካሴት ያየ ልጅ፣ ዛሬ ጎልምሶ በስልኩ የሚፈልገው ያንኑ ጩኸት ነው።

ዓባይን ያላየ ምንጭ ያመሰግናል ይባል የለ? እነዚያ መኪኖችም ዓባይ በረሃን አላዩም። ቢያዩት ምን ይገጥማቸው ነበር? ነገሩ ጨዋታ ቢመስልም፣ ጎጃም ውስጥ አሮጌ ቮልስ ወይም ፔጆ ይዞ ለሚታገል ሰው መልሱ ይጠቅማል።

በጣም ከምትታወቀው እንጀምር። «ስታርስኪ እና ሃች» እ.ኤ.አ. ከ1975 እስከ 1979 የታየ ተከታታይ ነው፤ መኪናዋ ነጭ ቅድ ያላት ቀይ ፎርድ ግራን ቶሪኖ ናት። ብዙ ሰው «ማስል ካር»፣ ማለትም ትልቅ ሞተር የተጫነባት ጉልበተኛ የአሜሪካ መኪና ይላታል። እኔ ግን በዚህ አልስማማም። ያ ዘር በእውነት የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1964 ፖንቲያክ ጂቲኦ መካከለኛ አካል ላይ 6.4 ሊትር ሞተር ሲጫንበት ነው። ከ1971 ጀምሮ የጭስ ሕግ መጣ፣ የሞተሮቹ እመቃ ዝቅ ተደረገ፤ በ1973 ደግሞ የነዳጅ ቀውሱ ተጨመረበት። ቶሪኖዋ የደረሰችው ድግሱ ካለቀ በኋላ ነው። በ1975 ሞዴል ላይ ይገጠም የነበረው 5.8 ሊትር ሞተር የሚሰጠው 150 ገደማ የፈረስ ጉልበት ብቻ ሲሆን፣ የሚጎትተው አካል ሁለት ቶን ሊሞላ ምንም አይቀረው። ዛሬ ባሕር ዳር የሚመላለስ ባለ 1.8 ኮሮላ በጉልበት ከዚያ ብዙ አያንስም፤ በክብደት ግን ሲሶ ያህል ይቀለዋል።

አሁን ጎሃ ጽዮን ላይ አቁሟት። ከፍታው 2,500 ሜትር ገደማ ነው። ታች ድልድዩ ጋ 1,100 ሜትር አካባቢ ትደርሳላችሁ፤ ማዶ ደጀን ተመልሶ 2,400 ገደማ። ከጫፍ እስከ ጫፍ 40 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ግማሹ ቁልቁለት፣ ግማሹ ዳገት።

1,900 ኪሎ የሚመዝን መኪና 1,400 ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ኃይል 26 ሚሊዮን ጁል ነው። ይህ ባለ 20 ሊትር አራት ጀሪካን ለብ ያለ ውሃ ሊያፈላ ምንም ያህል አይቀረውም። ያ ሙቀት የት ይሂድ? የተወሰነውን ነፋስ ይወስደዋል፣ የተወሰነውን ሞተሩ ይይዘዋል፤ የቀረው በሙሉ ፍሬን ላይ ነው። ቶሪኖዋ ከፊት ዲስክ፣ ከኋላ ታምቡር አላት። ታምቡር ሲግል ይሰፋል፣ ከውስጥ ከሚይዘው ሸራ ይሸሻል፣ ፔዳሉም ወደ ታች ይወርዳል። ሸራው ራሱ ሲግል መያዙን ይተዋል። ሦስተኛው ነገር የፍሬን ዘይቱ ነው፤ ብዙ ሰው የሚረሳውም እሱን ነው። ዶት 3 የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሳለ የሚፈላው 205 ዲግሪ ላይ ነው። ዘይቱ ግን ከአየር እርጥበት ይጠጣል፤ ውሃ ሲገባበት መፍያው ወደ 140 ይወርዳል። ሲፈላ አረፋ ይሆናል፣ አረፋ ደግሞ ይታመቃል፤ እግራችሁ ስፖንጅ የረገጠ ይመስላችኋል። ለዚህ ነው በሁለት ዓመት አንድ ጊዜ ዘይቱ ተጠራርጎ መቀየር ያለበት። መሙላት ብቻውን መቀየር አይደለም።

ካምቢዮዋ ባለ ሦስት ማርሽ አውቶማቲክ ነው። «ዲ» ላይ ትታችሁ ብትወርዱ ሞተሩ እምብዛም አይይዝላችሁም። ቁልቁለቱ ሳይጀምር 2 ላይ፣ ጠባቡ ኩርባ ላይ ደግሞ ቀስ ብላችሁ 1 ላይ ማውረድ ነው። የጫፉን ኩርባ ካለፋችሁ በኋላ ማውረድ ግን ዘግይቷል፤ መኪናው ፈጥኖ ማርሹን አይቀበልም። ቤንዚን ለመቆጠብ ብሎ በፎሌ፣ ማርሽ አውጥቶ፣ የሚወርድ ሰው ስለ ቁጠባ ሳይሆን ስለ ጸሎት ያስብ። ፍሬን ሲያዝ ደግሞ ለረዥም ጊዜ በስሱ ተጭኖ መውረድ አይገባም፤ ጠንከር አድርጎ መያዝ፣ ፍጥነቱ ሲቀንስ ለቆ ማቀዝቀዝ።

ዳገቱ ሌላ ችግር አለው። 2,400 ሜትር ላይ አየሩ ከባሕር ጠለል አንፃር አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ስለዚህ 150ው ፈረስ ደጀን ሲደርስ 120 ገደማ ሆኗል። ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ካርቡሬተር ደግሞ አየሩ መሳሳቱን አያውቅም፤ ቤንዚኑን እንደ ድሮው ይጨምራል። ካንዴላው ጥቀርሻ ይለብሳል፣ ጭሱ ይጠቁራል። መድኃኒቱ ቤንዚን የምታሳልፈውን ትንሿን የናስ ጄት ማሳነስ ነው። ቁጥሯ የቀዳዳዋ ስፋት ነው፤ 125 ማለት 1.25 ሚሊ ሜትር። ለቆላ 125 የተገጠመለት ካርቡሬተር ባሕር ዳር ላይ 120፣ ደብረ ማርቆስ ላይ 117.5 ይበቃዋል። ከዚያ በታች አትውረዱ፤ ለደብረ ማርቆስ ስስ አየር ብቻ ከልክ በላይ ያነሰች ጄት በረሃው ሥር ላይ ዳገት ስትጀምሩ ቤንዚን ታሳጥራለች፣ ሞተሩም ይግላል፣ ይንኳኳል።

ውሃም ደጀን ከፍታ ላይ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። የሚያድነው የራዲያተሩ ክዳን ነው፤ ግፊት ይዞ መፍያውን በ20 ዲግሪ ያህል ከፍ ያደርገዋል። ጎማው የደረቀ ክዳን ካላችሁ ራዲያተሩን ብታሳጥቡት ዋጋ የለውም፣ መጀመሪያ ክዳኑን ቀይሩ። ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃውን የሚያግደውን ቴርሞስታት ነቅሎ መጣል እንደ ጥበብ መቆጠሩም ያናድዳል። ነቅላችሁት ደብረ ማርቆስ ጠዋት ላይ ሞተሩ አይሞቅም፤ ቤንዚን ሳይቃጠል በሲሊንደሩ ግድግዳ ወርዶ ዘይቱን ያቀጥናል።

ከሁሉም መርማሪዎች ለዚህ መንገድ የታደለው ኮሎምቦ ነው። የሚነዳው የ1959 ፔጆ 403 ነው፤ ጣሪያው የሚታጠፍ፣ 1,468 ሲሲ ሞተር፣ አራት ማርሽ። ሰው ይስቅበታል። ግን ክብደቱ ቀላል ነው፣ ማርሹን ሾፌሩ ራሱ ይይዘዋል፣ እና ማንም ከኋላው አያሯሩጠውም። ታናሽ ወንድሙ 404 የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ የመኪና ውድድርን በ1963፣ በ1966፣ በ1967 እና በ1968 አሸንፏል። 404 ያላችሁ፣ ቬንትሌተሩ በኤሌክትሪክ ማግኔት እንደሚያዝ አትርሱ፤ ካርቦኑ ካለቀ ዝም ብሎ ይንሳፈፋል፣ ሙቀቱም ዳገት ላይ ይወጣል።

ቮልስ ውሃ የለውም፣ ስለዚህ አይፈላም። ይህ እውነት ነው፤ ግን በዚህ ተዘናግተው ስንት ሞተር አቃጥለዋል። ቺንጊያው ሲበጠስ ዲናሞው ብቻ አይደለም የሚቆመው፣ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ቬንትሌተርም አብሮ ይቆማል። ቀዩ የዲናሞ መብራት ዳገት መሐል ከበራ «ባትሪው እስከ ደጀን ያደርሰኛል» አይባልም። ወዲያው ቁሙ። ቺንጊያው በአውራ ጣት ሲጫኑት 1.5 ሳንቲ ሜትር ያህል መርገብ አለበት። ማጥበቂያው ቺንጊያው በሚዞርበት በዲናሞው ፑሌጃ ሁለት ክፋይ መካከል ያሉት ስስ ቀለበቶች ናቸው፤ በ21 ቁልፍ ፈትቶ አንድ ቀለበት ማውጣት ያጠብቀዋል። የወጣውን አትጣሉት፣ ከውጭ በኩል መልሳችሁ ደርቡት።

የቮልስ ሚስጥር ሦስተኛዋ ሲሊንደር ናት፤ በሾፌሩ በኩል ካሉት ሁለቱ ወደ ፊት ያለችው። በድሮዎቹ ሞተሮች ላይ የዘይት ማቀዝቀዣው ልክ በእሷ አየር መንገድ ላይ ቆሟል። አየሩ የሚደርሳት ሞቆና ቀንሶ ነው። መጀመሪያ የሚቃጠለው ቫልቭ የሷ ነው፣ የጭሱ። ከ1971 ሞዴል ጀምሮ ማቀዝቀዣው ወደ ጎን ወጥቷል።

ስለዚህ በረሃው ከመወረዱ በፊት የቫልቭ ክፍተት ይለካል። ሞተሩ እጅ የሚያስነካ ሳይሆን ፍጹም ቀዝቃዛ፣ ያደረ መሆን አለበት። የታችኛውን፣ የሞተሩን ፑሌጃ ምልክት በሞተሩ መገጣጠሚያ መስመር ላይ ታመጣላችሁ፤ የዲስትሪቢዩተሩ መዘውር አንደኛዋን ሲሊንደር ማመልከት አለበት። ለ1300 ሲሲ ሞተርና ከዚያ በኋላ ለመጡት ክፍተቱ 0.15 ሚሊ ሜትር ነው። ከዚያ ፑሌጃውን ግማሽ ዙር ወደ ግራ እያዞራችሁ ሁለተኛዋን፣ ሦስተኛዋን፣ አራተኛዋን። ጠቅ ጠቅ የሚል ቫልቭ አያስፈራም፤ ድምፁ የጠፋው ነው የሚቃጠለው። የሦስተኛዋ ክፍተት በየልኬቱ እየጠበበ ከመጣ ቫልቩ እየተለጠጠ ስለሆነ፣ ሳይበጠስና ፒስቶኑን ሳይመታ ቴስታታውን፣ የሲሊንደሮቹን ክዳን፣ አስወርዱ። ዘይቱ 2.5 ሊትር ብቻ ነው፤ የወንፊት ሽቦ እንጂ ፊልትሮ የለውም፣ ስለዚህ በየ5,000 ኪሎ ሜትር ይቀየራል።

በነገራችን ላይ፣ የጎማው ጩኸት ብዙ ጊዜ በኋላ በስቱዲዮ የሚጨመር ነው። አስተውላችሁ ከሆነ መርማሪው ኮረኮንች ላይም ሲታጠፍ ጎማው ይጮኻል። እንጅባራ ክረምት ላይ እንዲህ ብትታጠፉ የምትሰሙት ጭቃ ኮፈን ሲመታ ነው።

ደጀን ስትደርሱ ሞተሩን ወዲያው አታጥፉት፤ ሁለት ሦስት ደቂቃ ያለ ጉልበት ይዙር። የራዲያተር ክዳን አይነካም። ቤንዚን ፖምፓው ግሎ ሞተሩ አልነሳ ካለ ቤንዚኑ መስመሩ ውስጥ ተንኖ ነውና፣ እርጥብ ጨርቅ ፖምፓው ላይ ጣል አድርጋችሁ አሥር ደቂቃ ጠብቁ። ታምቡሩ እንደጋለ የእጅ ፍሬን ስቦ መቆምም ሸራውን ሊያጣብቀው ይችላል፤ ማርሽ አስገብታችሁ ጎማው ሥር ድንጋይ አድርጉ። ስትነሱ ድንጋዩን ከአስፋልቱ አንሱት።