እማዬን ፓይክ ፕሌስ ወሰድኳት

እማዬ አሜሪካ፣ ሲያትል ከመጣች ሦስት ሳምንት ሆኗት ነበር። ከቤተ ክርስቲያንና ከሐበሻ ሱቅ ውጭ የትም አልወሰድኳትም። ሥራዬ የሌሊት ነው። ቅዳሜ ዕለት ግን ከሥራ እንደገባሁ ሳልተኛ ይዣት ወጣሁ። ከኮሎምቢያ ሲቲ በባቡር ሄደን ዌስትሌክ ወረድን፤ ከዚያ በእግራችን ቁልቁል ወደ ፓይክ ፕሌስ ገበያ።

እማዬ ዲላ ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቡና ለቅማለች። ከዛፍ አይደለም። መጋዘን ውስጥ ተቀምጣ ጥቁሩን፣ የተሰበረውን፣ ነቀዝ የበላውን ከደህናው እየለየች። ደብተርና ዩኒፎርም የተገዛልኝ በዚያ ገንዘብ ነው። ያ ሁሉ ቡና ባሕር ተሻግሮ የት እንደሚደርስ አንድ ቀን በዓይኗ እንድታይ እመኝ ነበር።

ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ነው። ዓሣ ሻጮቹ ገና በረዶ እየዘረጉ ነበር። ስታርባክስ የሚባለው የቡና ድርጅት የመጀመሪያ ሱቅ በር ላይ ግን ሰው ተሰልፏል።

«ምን እየታደለ ነው?» አለችኝ።

«ቡና ነው፣ እማዬ። ይሸጣል።»

«ይህ ሁሉ ሰው ለቡና?» ነጠላዋን አስተካክላ ከኋላ ቆመች።

ሰልፉ ላይ የማውቀውን ነገርኳት። ገበያው የተከፈተው በፈረንጆቹ 1907 ነው። ስታርባክስ በ1971 ሲጀመር ሱቁ ዌስተርን ጎዳና ላይ ነበር፤ አሁን ወዳለበት ቤት የመጣው በ1976 ነው። ያኔ በ1971 ገበያው ራሱ ሊፈርስ ነበር። ቪክተር ስታይንብሩክ የሚባል አርክቴክት ከሌሎች ጋር ሆኖ ሕዝቡን አስተባበረ፣ የከተማው ሰው ድምፅ ሰጥቶ ገበያውን አተረፈው። ከዚያ ወዲህ አካባቢው በቅርስነት ይጠበቃል። ሱቁም መልኩን ብዙ አልቀየረም። የምልክቱ ባለሁለት ጭራ የባሕር ሴት እዚህ ዛሬም ቡናማ ናት። ሌላ ቦታ የምናውቃት አረንጓዴዋን ነው።

እማዬ ግን የሰማችው ስለ ድምፁ ብቻ ነው። «ገበያቸውን ራሳቸው አዳኑ?» ብላ ሁለቴ ጠየቀችኝ።

ውስጡ ጠባብ ነው፤ ቁጭ ብለው የሚጠጡበት ቦታ የለውም። ድሮም ይህ ቤት የሚታወቀው የተቆላ ቡና፣ ሻይና ቅመም በመሸጥ ነበር። እማዬም በወረቀት ኩባያ አልፈልግም አለች። ዓይኗ መደርደሪያው ላይ ነው። አንዱን ከረጢት አንስቼ «ኢትዮጵያ» የሚለውን ጽሑፍ አሳየኋት። እንግሊዝኛ አታነብም። ጣቷን ከመጀመሪያው ፊደል እስከ መጨረሻው ቀስ አድርጋ አስኬደችው።

ያኔ የስሙ ጉዳይ ትዝ አለኝ። ኢትዮጵያ በፈረንጆቹ 2005 ሲዳሞ፣ ሐረርና ይርጋጨፌ የሚሉትን የቡና ስሞች አሜሪካ ውስጥ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ አመልክታ ነበር። በስሞቹ የተነሳው ክርክር ከስታርባክስ ጋር በስምምነት ያለቀው በ2007 ነው። ይርጋጨፌ ማለት ለእኛ የዲላ ልጆች ጎረቤት ነው፣ ዘመድ የምንጠይቅበት ከተማ። ስሙ የዚያ አገር ሰው ንብረት ነው ተብሎ መከራከሩ ዛሬም ያኮራኛል።

«ስንት ነው?» አለች።

«ሃያ ዶላር ገደማ።»

«በብር?»

አልነገርኳትም። ሳይፈጭ ገዛሁላት።

ወጥተን ባሕሩን ቁልቁል የሚያሳየው አደባባይ ላይ ተቀመጥን። ከረጢቱን ክፈትልኝ አለች። ነጠላዋን ጭኗ ላይ ዘርግታ አንድ እፍኝ አፈሰሰች። ከዚያ እጇ ብቻውን መሥራት ጀመረ። አውራ ጣቷና ሌባ ጣቷ ፍሬውን እየገፉ፣ እያገላበጡ፣ ወደ ቀኝ እያሳለፉ። ልጅ ሆኜ መጋዘኑ በር ላይ ቆሜ የማየው ያንኑ እጅ ነው፣ አሁን ደም ሥሩ ጎልቷል።

«ሳይበስል የተለቀመ ፍሬ ሲቆላ አይጠቁርም» አለችኝ ቀና ሳትል። «ገርጥቶ ይቀራል። ያኔ ለቃሚዋን ያመለጣት ሁሉ እዚህ ይታያል።»

እፍኙን ጨረሰች። ሌላ እፍኝ አፈሰሰች። እሱንም ጨረሰች።

«ጎበዝ ናት» አለች።

«ማን?»

«የለቀመችው። አንድም አላመለጣትም። እጇ ይባረክ።»

ነጠላዋን ሰብስባ ቡናውን ወደ ከረጢቱ መለሰች። ሦስት ፍሬ መሬት ወድቆ ነበር። ላነሳ ስል ቀደመችኝ፤ ጎንበስ ብላ አንድ በአንድ ለቀመቻቸው።