ሁለቱ ሜይማንዶች

ስለ አንዲት የኢራን ገጠር መንደር ሁለት ነገር ብቻ ልጽፍ ተነሣሁ፤ የት እንዳለችና ስንት ሰው እንደሚኖርባት። አንድ ምሽት ይበቃኛል ያልኩት ሥራ ሦስት ሳምንት ፈጀ።

መንደሪቱ ሜይማንድ ናት፤ ፋርስኛ ተናጋሪ ነዋሪዎቿ ለስላሳ ዐለት ተፈልፍሎ በተሠራ ዋሻ ቤት የሚከርሙባት፣ ዩኔስኮ በ2015 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት የመዘገባት። የመጀመሪያው ስሕተቴ የመጣው ከገዛ ቋንቋዬ ነው። «ሜይማንድ፣ ፋርስ» የሚል ጽሑፍ ሳገኝ አልተጠራጠርኩም። ፋርስ ለእኛ ከመጽሐፍ ቅዱስ ጀምሮ የምናውቀው አገር አይደለም እንዴ? ዛሬ ግን ፋርስ ከኢራን ክፍላተ ሀገር የአንዱ ስም ነው፤ እዚያ ያለችው ሜይማንድም በጽጌረዳ ውኃዋ የታወቀች ሌላ ከተማ ናት። የእኔዋ የምትገኘው በኬርማን ክፍለ ሀገር፣ በሻህሬ ባባክ አውራጃ ነው። ከዚያ ወዲህ የመንደር ስም ብቻውን ቢመጣልኝ አልቀበልም፤ ኦስታኑን፣ ሻህረስታኑን፣ ባኽሹን፣ ዴህስታኑን እጠይቃለሁ። ክፍለ ሀገር፣ አውራጃ፣ ወረዳ እያሉ ወደ ታች እንደ መውረድ ነው።

ቁጥሩ የባሰ ነበር። የሕዝብ ቆጠራው ሰንጠረዥ በፋርስኛ ስለሆነ ዓምዶቹ ከቀኝ ወደ ግራ ይሄዳሉ፤ አሃዞቹ ግን ከግራ ወደ ቀኝ ይነበባሉ። ዐይኔ ተምታታና «ኻኔቫር» የሚለውን፣ ማለትም የአባወራውን ብዛት፣ የነዋሪው ቁጥር አድርጌ ገለበጥኩት። እናት፣ አባትና ልጆች ያሉበትን ቤት አንድ ሰው አደረግሁት ማለት ነው። ይህን ሳርም ደግሞ ዓመቱ መጣ። በኢራን አቆጣጠር በ1385 የተደረገው ቆጠራ በእኛ ስንት ይሆናል? አዲሱ ዓመታቸው ኖውሩዝ መጋቢት ላይ ስለሚውል፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን 613፣ ከመስከረም በኋላ 614 መደመር ያስፈልጋል። ቆጠራው በጥቅምት ገደማ ስለተካሄደ 1999 ሆነ። የእኛም ሦስተኛው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በዚያው በ1999 ነው፤ ኢራን ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ ስትቆጥር እኛ አራተኛውን እያራዘምን ቆየን።

ያቺ ጥቅምት ሌላም ጣጣ ይዛ መጣች። የሜይማንድ ሰዎች ከፊል አርብቶ አደር ናቸው። በዋሻ ቤታቸው የሚከርሙት በብርዱ ወራት፣ ለእኛ በጋ በሚሆንበት ጊዜ ነው፤ በጸደይና ከብርዱ በፊት ባሉት ወራት ግን ከከብቶቻቸው ጋር በተራራው ግጦሽ፣ በጊዜያዊ ሰፈር ይሰነብታሉ። ታዲያ ቆጣሪው በጥቅምት ሲደርስ ማንን፣ የት አግኝቶ ቆጠረ? ሰንጠረዡ ይህን አይናገርም።

ስለዚህ ከቁጥሩ ጎን የቆጠራውን ወርና ዓመት አስቀመጥኩ፤ ከሥሩም ሰዎቹ በየወቅቱ የት እንደሚሰነብቱ ጨመርኩ። አንድ መስመር ይሆናል ያልኩት ጽሑፍ ግማሽ ገጽ ሞላ።