አይነድም ያልኩት ባህር ዛፍ

ማታ ማታ ከሥራ መልስ ኪውጂአይኤስ የሚባለውን የካርታ መሥሪያ ፕሮግራም መነካካት ከጀመርኩ ሦስት ወር ሞላኝ። የዚህ ወር ሪፖርቴ ይኸው፣ ስህተቱም ጭምር።

የት ምን ሊነድ እንደሚችል የሚያሳይ ካርታ የመሥራት ሐሳቡ የመጣልኝ ላንድፋየር ከሚባለው የአሜሪካኖቹ የካርታ ሥራ ነው። አገራቸውን ጎናቸው 30 ሜትር በሆነ ቁራጮች (ፒክስል) ሸንሽነው፣ እያንዳንዷ ቁራጭ ላይ ምን ዓይነት ዕፅዋት እንዳለ፣ ሽፋኑንና ቁመቱን፣ እሳት ቢነሳ ምን እንደሚነድ አስቀምጠዋል። «ፊውል» ሲሉ እኔ ነዳጅ ብዬ ይዤው፣ ቤንዚን ቤንዚን ይሸተኝ ነበር። ለካ ማገዶ ነው! ደረቅ ሣር፣ ጭራሮ፣ የረገፈ ቅጠል። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው የማገዶ ምደባቸው 40 የማገዶ ዓይነት አለው፤ ሣሩ ብቻ 9 ነው።

እኔ ከሐዋሳ ወጣ ብዬ ወንዶ ገነት አጠገብ አንድ ዳገት መረጥኩ። ሴንቲኔል-2 የተባለው ሳተላይት በጥር ወር ያነሳውን ምስል በነፃ አወረድኩና ኤንዲቪአይ፣ ማለትም የልምላሜ መለኪያ፣ ሠራሁ። ዕፅዋቱ ከሚያንጸባርቀው ኢንፍራሬድ (ዓይን የማያየው ብርሃን) ላይ ቀዩን ብርሃን ትቀንሳላችሁ፣ ለድምራቸው ታካፍላላችሁ፣ አለቀ። ወደ 1 ሲጠጋ ለምለም፣ ወደ 0 ሲወርድ ደረቅ ወይም ባዶ መሬት። የግጦሹን ሣር ቀይ፣ ባህር ዛፉን አረንጓዴ ቀባሁና «አይነድም» ብዬ ጻፍኩበት።

ቅዳሜ ሄጄ አየሁት። ገና ከመግባቴ እግሬ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ቅጠል ውስጥ ሰመጠ። ከግንዱ የተላጠው ቅርፊት ተንጠልጥሏል። አንዲት እናት ቅጠሉን እየጠረጉ ጆንያ ይሞላሉ።

«እማማ፣ ለምንድነው?»

«ለምጣድ ነዋ! ጣል ስታደርግበት ቦግ ነው የሚል።»

ስልኬ ላይ ካርታውን አሳየኋቸው። አረንጓዴው የማይነደው ነው ስላቸው ጆንያቸውን ጥለው ሳቁ።

ሳተላይቱን አልወቅሰውም። የሚያየው የዛፉን አናት እንጂ ከሥሩ የረገፈውን አይደለም። ላንድፋየርም ቢሆን ማገዶውን ከሰማይ አይቶት አይደለም። ከዕፅዋቱ ዓይነት፣ ሽፋንና ቁመት ተነስቶ፣ መሬት ላይ በተለካ ናሙና እየታገዘ ነው የሚገምተው። እኔ የዘለልኩት ይህንኑ ናሙና ነው።

አሁን 12 ቦታ መርጬ፣ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር በሲባጎ እያጠርኩ የቅጠሉን ውፍረት በማስመሪያ እለካለሁ። 5 ጨርሻለሁ። ያልተነካው ላይ 9 ሴንቲ ሜትር አገኘሁ። እማማ የጠረጉበት አንድም አይሞላ። ካርታዬ ላይ ሁለቱም ያው አረንጓዴ ናቸው። የሚጠረገውን ለብቻው እንዴት ልለየው? የሞከረ ካለ ይንገረኝ።