የሞተር መጋዝ ሲራገጥ፦ ከባህር ዛፍ ጉቶ መካከል የተማርኩት

የሞተር መጋዝ የገዛሁት ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ ያለንን የባህር ዛፍ ቦታ ራሴ ለመቁረጥ ነው። ቆራጭ ቀጥሮ አጣና የሸጠ ሰው ትርፉ ማን ኪስ እንደገባ ያውቀዋል። ቤንዚንና ዘይት መቀላቀሉ ቀላል ነው፤ የእኔ መጋዝ ለአንድ ሊትር ቤንዚን 20 ሚሊ ሊትር ዘይት ይፈልጋል። አገራችን ደጋ፣ አየሩም ስስ ስለሆነ ሞተሩ ጭስ ካበዛ ካርቡራተሩን ማስተካከል ነው። ይህን ሁሉ ሻጩም፣ መመሪያውም፣ መንገደኛውም ይነግራችኋል።

ስለ ርግጫው ግን የነገረኝ የለም። በአንድ ስልጠና ላይ ባለሙያው «አጥብቃችሁ ያዙ» ብሎ ወደ ሻይ ሰደደን። አጥብቆ መያዝ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ሰንሰለቱ በሰከንድ ከ20 ሜትር በላይ ይሮጣል። ሰንሰለቱ የሚዞርበት የረጅሙ ብረት ጫፍ የላይኛው ግማሽ ጠጣር ነገር ከነካ ጥርሱ ይነክሳል፣ ሰንሰለቱ ይያዛል፣ የሞተሩ ኃይል መሄጃ ሲያጣ መጋዙን በሙሉ ወደ ላይና ወደ ኋላ፣ ወደ ያዘው ሰው ፊት ይወረውረዋል። ይህ የሚሆነው ዓይን እስኪጨፈን ነው። የማንም ጉልበት አይቀድመውም።

በመመሪያው ሥዕል ላይ አንድ ዛፍ በባዶ ሜዳ ብቻውን ቆሟል። ሥዕሉን የሠራው ሰው የሰሜን ሸዋን ባህር ዛፍ አላየም። እኛ ዘንድ ተቆርጦ ያቆጠቆጠ ጉቶ አራትና አምስት ግንድ አቅፎ ይቆማል። አንዱን ስትቆርጡ የብረቱ ጫፍ ከኋላው ያለውን፣ ለእናንተ የማይታየውን ግንድ ይነካል።

እኔን ለዚህ ያበቃኝ ሞራጁ ነው። ሰንሰለቱ ሲደነዝዝ ጥሩ ባለሙያ ነው ወደተባለ ሰው ወሰድኩት። ከእያንዳንዱ ጥርስ ፊት ጥርሱ በአንድ ጊዜ ምን ያህል እንጨት እንደሚነክስ የምትወስን ትንሽ ጉብታ አለች። በእኔ ሰንሰለት ከጥርሱ ጫፍ 0.65 ሚሊ ሜትር ብቻ ዝቅ ማለት አለባት። ሰውዬው ግራይንደሩን አነሳና ጉብታዎቹን በሙሉ ጠራረጋቸው። «ለምን?» ስለው «አሁን እንጨቱን ይበላልሃል» አለኝ። በላም! የመጀመሪያዎቹን ግንዶች ሲጥል በፍጥነቱ ተደንቄ ሰውየውን መርቄዋለሁ። መጋዙ እጄ ላይ መንገጫገጭ ሲጀምር ግን ምርቃቴን አነሳሁ። ጉብታ የሌለው ጥርስ ከአቅሙ በላይ ይነክሳል፤ ጫፉ ላይ ሲሆን ደግሞ የነከሰውን አይለቅም።

ጫፉ የጎረቤቱን ግንድ ሲነካ ያየሁት ነገር የለም። ከፊት እጀታው ፊት ያለው፣ ሲገፋ ፍሬን የሚያስይዘው መከላከያ የግራ እጄን ጀርባ መታው፣ ፍሬኑ ሰንሰለቱን ያዘ፣ ብረቱ የራስ ቁሬን ጠርዝ ጭሮ ቆመ። አጣና የሚጎትቱልኝ ጋሼ በድንጋጤ «ልጄ፣ ይህ ነገር በቅሎ ነው እንዴ?» አሉ። ያተረፈኝ ፍሬኑና ከብረቱ መስመር ወደ ግራ ፈቀቅ ብዬ መቆሜ ነው። ያን ልማድ ያወጣሁት ራሴ ነኝ፤ በእርሱ እኮራለሁ።

ሞራጁ ዘንድ ተመልሼ ስናገር «መጋዙን የያዝከው አንተ ነህ» አለኝ። አንዴ የተፋቀ ጉብታ አይመለስም፤ ገና ብዙ ሊሠራ የሚችል ሰንሰለት ጣልኩ። እስካሁን ያናድደኛል። ስለዚህ ግራይንደር ለያዘ ሰው ሰንሰለት አትስጡ። ክብ ሞረድ፣ ጠፍጣፋ ሞረድና ትንሿን የጉብታ መለኪያ ሳህን ገዝታችሁ ራሳችሁ ሞርዱ።

በውርጭ ጠዋት ወፍራም ጓንት ስናደርግ የግራ አውራ ጣታችንን ከፊት እጀታው በላይ የማሳረፍ ልማድ አለን። ከእጀታው ሥር ይዙር፤ ያለዚያ እጃችሁ ይፈናጠራል። ከትከሻ በላይ አትቁረጡ። የፍሬኑን ነገር ደግሞ በእምነት አትተዉት፦ ሞተሩን አጥፍታችሁ፣ ፍሬኑን ለቅቃችሁ፣ የኋላ እጀታውን ብቻ ይዛችሁ ጫፉን በራሱ ክብደት ጉቶ ላይ ጣሉት። ፍሬኑ ካልያዘ በዚያን ዕለት ሥራ የለም። «ይከብዳል» ብሎ የፊት መከላከያውን የሚፈታ ቆራጭ ደግሞ ከእኔ ቦታ አይደርስም።

ጉቶው ላይ ከውጭ ካለው ግንድ ጀምሩ፤ ጫፉ ወደ ባዶ አየር ይውጣ እንጂ ወደ ግንዶቹ መሃል አይግባ። የደን ባለሙያዎቹ ደህና እንዲያቆጠቁጥ ከመሬት 10 ሳንቲ ሜትር ያህል አስቀርታችሁ ቁረጡ ይላሉ። ለዛፉ ልክ ናቸው። ለቆራጩ ግን እዚያ ታች ያልተቆረጡ ግንዶች፣ ድንጋይና አሮጌ ጉቶ አለ፤ ጫፉም አይታይም። እኔ መጀመሪያ ጉልበት ድረስ ትቼ እቆርጣለሁ፤ አጣናው ከተጎተተና ዙሪያው ከጸዳ በኋላ ጉቶውን ዝቅ አደርገዋለሁ። ከእያንዳንዱ አጣና ቁመት ይጎድላል፣ ነጋዴውም ዋጋ ይቀንሳል። አንድ ባለሙያ ሥራው መሃል ላይ መጥቶ ጉቶውን በሜትር ለካና «ከመመሪያ ውጭ» ብሎ ጻፈብኝ። መጋዙን ዘርግቼ «እስቲ እርስዎ ዝቅ አድርገው ያሳዩኝ» አልኩት። ሌላ ቀጠሮ አለኝ ብሎ ሄደ።