ደርቤ ስንቴ ይሙት?

«እግዜር ያጥናህ» የሚለው አሁንም ጆሮዬ ላይ ያቃጭላል። ያውም በሰባት ሰው ድምፅ።

ሦስት ወር እንቅልፍ አጥቼ አንድ የኦንላይን ኮሚክ፣ በተከታታይ ሥዕል የሚነበብ ታሪክ፣ ሠራሁ። «ቀጣይ» የሚል በተን የለውም። ኮሪያኖቹ በዌብቱን እንዳስለመዱን በአውራ ጣት ወደ ታች መሳብም የለም። ስልኩን ወደ ቀኝ ዘንበል ሲያደርጉት ይቀጥላል፣ ወደ ግራ ሲያደርጉት ይመለሳል፤ በጣም ካዘነበሉት ይዘላል። አሜሪካዊው የኮሚክ ሠዓሊ ስኮት ማክላውድ በ2000 እ.ኤ.አ. ስክሪኑን እንደ ገጽ ሳይሆን ማለቂያ የሌለው ሸራ እንደሚታይበት መስኮት እዩት ካለ ወዲህ ስንቱ ተራቀቀበት፤ እኔስ ከማን አንሼ?

ባለታሪኩ ደርቤ የ97 የኮንዶሚኒየም ተመዝጋቢ ነው። ሥዕል 14 ላይ ዕጣ ይወጣለታል። ሥዕል 31 ላይ ፍሪጅ ተሸክሞ አራተኛ ፎቅ ሲወጣ ይሞታል።

ማክሰኞ ከቃሊቲ ወደ ኮዬ ፈጬ ታክሲ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡ እናት ስልኬን ሰረቅ እያደረጉ ሲያዩ፣ «እስቲ ይሞክሩት እማማ» ብዬ ሰጠኋቸው። ምናለ ብተኛ!

አስፋልቱ ላይ ሰላም ነበርን። ኮብልስቶኑ ጋ ስንደርስ ጉዱ ፈላ። ሴንሰሩ ስልኩ መዘንበሉን እንጂ ያዘነበለው የእማማ እጅ ይሁን የታክሲው ጎማ አይለይም። አይፎን ላይ እንኳ ከአይኦኤስ 13 ወዲህ ድረ ገጽ ሴንሰሩን ከመንካቱ በፊት ፈቃድ ይጠይቃል። የኔ አንድሮይድ ግን ማንንም ሳያስፈቅድ ሰው ይገድላል።

አንድ ጉድጓድ ገባን፤ ደርቤ ደረጃው ላይ ተዘረረ።

«ውይ! ሞተ!» እማማ ደረታቸውን መቱ።

ሌላ ጉድጓድ፤ ተነሥቶ ዕጣ ወጣለት። «እሰይ!» ሹፌሩ ፍሬን ያዘ። «ውይ ደርቤን!» እስከ ኮንዶሚኒየሙ ድረስ ዘጠኝ ጊዜ ሞተ፣ ስምንት ጊዜ ዕጣ ወጣለት። መንግሥት እንኳ ለአንድ ሰው ይህን ያህል አላወጣም።

ከኋላ ያለው ሰው ሥዕሉን አያይ፣ የሚሰማው ለቅሶውን ብቻ። ላብ ሲያጠምቀኝ መስኮት ከፈትኩ። ስለ መስኮት ከተነሣ፣ በዚህ መስመር አምስት ዓመት ስመላለስ አንድ ቀን መስኮት ከፍቼ «ዝጋው፣ ንፋስ ይመታናል» ያልተባልኩበት ጊዜ የለም። ታፍነን ብናልቅ ግድ የለም፣ ብቻ ንፋስ አይግባ! አሁንም አንዱ «ዝጋው» ሲል ሌላው ቆጣ አለበት፦ «ተወው ይክፈት፣ ሐዘን ላይ ነው!»

ያኔ ነው የገባኝ። የሚወርደው ሁሉ ትከሻዬን መታ እያደረገ «እግዜር ያጥናህ» ይለኝ ጀመር። አንድ ጎልማሳ ጎንበስ ብለው፣ «ምን አግኝቶት ነው?» አሉኝ።

«ፍሪጅ» አልኳቸው። ሳላስበው አመለጠኝ።

እማማ ስልኬን መልሰው ሲወርዱ፣ «ልጄ፣ ዕጣው ይቅርና ሰውየውን አኑርልኝ» አሉኝ።

መጨረሻ ላይ እኔና ረዳቱ ቀረን። ሂሳብ ስሰጠው እጄን መለሰው፤ «ተወው ብሮ፣ አይዞህ።» ሕሊናዬ አላስችል አለኝና ካርቱን መሆኑን ነገርኩት። ስልኩን ተቀብሎ ቢያገላብጠው፣ ቢያገላብጠው፣ ደርቤ ሞቶ ተነሣ፣ ሞቶ ተነሣ።

«ቀጣዩ በየት ነው?»

«ዘንበል ስታደርገው...»

ስልኩን መለሰልኝና እጁን ዘረጋ። «በል ሂሳብ። የደርቤንም ጨምር፤ ሬሳ በኮንትራት ነው የምንጭነው።»