ከ14ቱ አንዱ ብቻ

ትናንት ማታ 14ቱንም ሰርቨሮች በአንድ ስክሪፕት (ትእዛዞችን በተከታታይ በያዘ ፋይል) አሻሻልኩ፤ አንድም አልቀረም። የምኖረው ደሴ፣ የምሠራው ኮምቦልቻ ነው፤ ሰርቨሮቹ ግን ሁሉም አዲስ አበባ ናቸው። ዓምና በየተራ እየገባሁ፣ የይለፍ ቃል እየጻፍኩ ቅዳሜን ሙሉ እፈጅባቸው ነበር። በኤስኤስኤች (ከሩቅ ወደ ሰርቨር ገብቶ ማዘዣ ፕሮግራም) በይለፍ ቃል ፈንታ ቁልፍ የሚባል ፋይል መጠቀምን በአንድ ከሰዓት በኋላ ተማርኩ፤ እሱ አላስቸገረኝም።

ያስቸገረኝ ሌላ ነው። የሰርቨሮቹን ስም በአንድ ፋይል በየመስመሩ ጽፌ፣ «ዋይል ሪድ» የሚባለው ሉፕ (ትእዛዝን ደጋግሞ የሚያስኬድ) ስም በስም እያነበበ በኤስኤስኤች እንዲገባ አደረግሁ። ስክሪፕቱ የመጀመሪያውን አሻሽሎ ያበቃል። የስሕተት መልእክት የለም፤ ሁሉን እንደጨረሰ ዝም ይላል። ሦስት ምሽት ኢንተርኔቱን ጠረጠርኩ፣ ሁለተኛውን ሰርቨር ጠረጠርኩ። በአራተኛው ቀን ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚወስደውን የሐረጎን ዳገት በሚኒባስ እየወጣን ሳለ የስሞቹን ቅደም ተከተል የመለወጥ ሐሳብ መጣልኝ። ቤት እንደገባሁ የመጨረሻውን ስም ከላይ አደረግሁት፤ አሁንም የተሻሻለው ከላይ ያለው ብቻ ሆነ። ጥፋቱ የሰርቨሮቹ አለመሆኑ ያኔ ገባኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው፤ ኤስኤስኤች ያገኘውን መደበኛ ግብዓት (ለፕሮግራም የሚገባለትን መረጃ) አንብቦ ወደ ሩቁ ማሽን ይልካል። በዚያ ሉፕ ውስጥ ደግሞ መደበኛ ግብዓቱ የስም ፋይሉ ራሱ ነው። ስም ጠሪው ገና የመጀመሪያውን ሰው ሲጠራ፣ ተጠሪው መዝገቡን ከእጁ ነጥቆ እንደሄደ ቁጠሩት። ቀሪዎቹ 13 መስመሮች ተበልተዋል፤ ሉፑ ሲመለስ የሚያነበው ስም የለም። መድኃኒቱ ኤስኤስኤች ከሚለው ትእዛዝ ቀጥሎ ሰረዝና ኤን (-n) መጨመር ነው፤ ያኔ ግብዓቱን ከ«ዴቭ ነል»፣ ማለትም ምንም ከማይነበብበት ባዶ ምንጭ፣ ይወስዳል፣ ዝርዝሩን አይነካም።

ብዙ ሰርቨሮችን በአንዴ በሚያስተዳድረው በአንሲብል ጀምሩ የሚሉ አሉ፤ አልስማማም። መሣሪያው ጥሩ ነው፤ ነገር ግን በሼል (ትእዛዝ እየጻፉ በሚሠሩበት) ያልተፈተነ ሰው ሲበላሽበት የት እንደሚያይ አያውቅም።

ማሻሻያውን በሰርቨሩ ላይ ቲመክስ የሚባለውን ፕሮግራም ከፍታችሁ አስጀምሩ፤ እዚህ መብራት ጠፍቶ ግንኙነቱ ቢቋረጥ እንኳ ሥራው እዚያ ይቀጥላል። ይህን የተማርኩት የፕሮግራሞች ጭነት በግማሽ ተቋርጦብኝ በ«ዲፒኬጂ ኮንፊገር» ትእዛዝ ካስተካከልኩ በኋላ ነው። መጀመሪያ በአንድ ሰርቨር ላይ ሞክሩም እላለሁ፤ ትናንት ግን እኔው ሳልሞክር ሁሉም ላይ ለቀቅኩት። ትእዛዝ ሲያበቃ መሳካት አለመሳካቱን የሚነግረውን የመመለሻ ቁጥርም ገና አልመዘግብም። ኤስኤስኤች ራሱ መገናኘት ሲያቅተው 255 ይመልሳል፤ ከተገናኘ የሩቁን ትእዛዝ ቁጥር ያመጣል። በሚቀጥለው ሳምንት 255 ያመጡትን ስሞች ለብቻቸው በሌላ ፋይል አስጽፋለሁ።